መሬቱ የሁሉም ነው፣ ንጋቱ ግን የቀደመው

ባለፈው ጥቅምት ነው። አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ግዛት፣ ኤልክ የሚባለውን ትልቅ የአጋዘን ዘር በጠመንጃ ማደን የሚፈቀድበት ሳምንት። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ከመኪናዬ ወርጄ አንድ ሰዓት ሙሉ ዳገት ወጣሁ። ከአንዲት ትንሽ መስክ ጫፍ ድንጋይ ተደግፌ ተቀመጥኩ። ነፋሱ ወደ ፊቴ ነው። ላቤ እየደረቀ፣ ብርዱ አጥንቴ እየገባ ንጋቱን እጠብቃለሁ።

ሊነጋጋ ሲል አንድ የራስ ባትሪ ብልጭ ብልጭ እያለ በመስኩ መሃል መጣ። በመሃሉ! ባትሪዬን አብርቼ አጠፋሁ። «እዚህ ሰው አለ» ማለት ነው። ሰውዬው ግን ዝም ብሎ መጥቶ ከእኔ ሰማንያ እርምጃ ያህል ዝቅ ብሎ ተቀመጠ። ወርጄ በሹክሹክታ ቀድሜ እንደደረስኩ ነገርኩት። መልሱ አጭር ነበር፦ «የሕዝብ መሬት ነው።»

ከሃያ ደቂቃ በኋላ አምስት ኤልኮች ከጫካው ጠርዝ ብቅ አሉ። ቀስ እያሉ ወደ መስኩ ገቡ። እሱ የረገጠው ሣር ጋ ሲደርሱ የፊተኛዋ አፍንጫዋን ዝቅ አደረገች። ከዚያ ዞር፣ ጭልጥ። ሁለታችንም ባዶ እጃችንን ወረድን። ለካ መኪናውን ያቆመው ከመኪናዬ ጎን ነው።

ይሄን ነገር አንዴ ሁለቴ ባየው ዝም እል ነበር። በየዓመቱ ሲሆን ግን ያንገበግባል። ስለዚህ አብረውኝ ለሚወጡ ጀማሪዎች መንገድ ላይ የምለፈልፈውን ዛሬ ልጻፈው። ስለ አደን ፈቃድና ስለ ደኅንነት ኮርስ አላወራም። እሱ የሌለው ሰው መጀመሪያ እሱን ይጨርስ።

የቆመ መኪና አይቶ እንዳላዩ መሆን

ሰውዬው በሕግ ልክ ነው። የፌዴራሉ መንግሥት ብሔራዊ ደኖች ብቻቸውን 78 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ናቸው። የዚያው መንግሥት የመሬት አስተዳደር ቢሮ የሚይዘው ደግሞ ወደ 100 ሚሊዮን ይጠጋል። አብዛኛው በምዕራቡ በኩል ነው። ፈቃድ የያዘ ሁሉ እኩል መብት አለው። ሆን ብሎ የሰውን አደን ማሰናከል በ50ዎቹም ግዛቶች ክልክል ነው። ሰማንያ እርምጃ ላይ መቀመጥን ግን በዚህ የሚከስስ የለም።

ግን እስቲ የታክሲ ሰልፍ አስቡ። አስፋልቱ የሕዝብ ነው፣ ታክሲውም ለሁሉም ነው። ሰልፉን በሕግ ያጸደቀው የለም። እስቲ ግን ጣልቃ ግባ! ጫካውም እንደዚያ ነው። ቀድሞ የደረሰ ያንን ጠዋት ይዟል። አለቀ።

ስለዚህ መኪና ማቆሚያው ላይ ስትደርስ መጀመሪያ የቆመውን መኪና አንብብ። መስታወቱ በውርጭ ተሸፍኗል? እንግዲያው ባለቤቱ ከሄደ ቆይቷል፣ ወይም ላይ አድሯል። ሞተሩ ገና ይሞቃል? አሁን ነው የወጣው፣ መንገድ ላይ ልትደርስበት ትችላለህ። ሰውዬውን እዚያው ካገኘኸው ደግሞ ጠይቀው። «ወዴት ነህ?» ማለት ነውር የለውም። ያንተንም ንገረው። ዛፍህን አትንገረው፣ «ከሸንተረሩ በግራ በኩል» ይበቃል። እውነቱን ግን ንገረው። ወደ ግራ ብሎ ወደ ቀኝ የሚሄድ አለ፤ እሱን ሰው ለዓመታት አይረሳውም።

ሌሊት ስትወጣ ሁለተኛና ሦስተኛ ቦታ በሆድህ ያዝ። ያሰብክበት ሰው ካለበት ወደ ሌላው ትሄዳለህ። አንድ ቦታ ብቻ የሚያውቅ ሰው ነው «የሕዝብ ነው» ብሎ የሚከራከረው።

በጨለማ ባትሪ ካበራልህ ቁም። አንዴ መልስለትና በመጣህበት ዙር። ምን ያህል ልራቅ ብለህ በሜትር አትጠይቀኝ። በጠመንጃ ከሆነ እሱ የሚያየውን ሜዳ ልቀቅለት፤ በመካከላችሁ ሸንተረር ቢኖር ጥሩ ነው። ከእሱና እንስሳው ይመጣበታል ብሎ ከሚጠብቀው ጫካ መካከል መቀመጥ ግን ዓይን ያወጣ ሌብነት ነው። አርፍደህ ከመጣህም የራስህ ጥፋት ነው። ፀሐይ ስትወጣ መስክ መሃል እየተራመድክ የሰውን ጠዋት አትበትን።

ተቃራኒውም አለ። መኪናውን ታች ስላቆመ ተራራው በሙሉ የሱ የሚመስለው ሰው። ቅድሚያህ ዛሬ ጠዋት ከተቀመጥክበት የምታየው ድረስ ነው። በመስከረም ዛፍ ላይ ያሰርከው ማማም (ተቀምጠህ የምትጠብቅበት መደብ) እስከ ኅዳር ቦታ አይዝልህም።

የሰው ማማ ላይ መውጣት

አትውጣ። የራስህ አይደለም፤ ማሰሪያው ስንት ክረምት ዝናብ እንደጠጣም አታውቅም።

ድምፅ ተከትሎ መሳብ

ይሄን እኔ ራሴ አድርጌዋለሁ። ዛሬም ሳስበው ሆዴ ይርዳል።

በጸደይ የተርኪ (ዶሮ መሳይ ትልቅ የዱር ወፍ) አደን አዳኙ ተደብቆ ይቀመጥና የሴቷን ድምፅ በመጥሪያ እያሰማ ወንዱን ወደ ራሱ ያመጣል። አንተ ቁጭ ትላለህ፣ እሱ ይመጣል። ጨዋታው ይሄው ነው። በሁለተኛው ዓመቴ ትዕግሥቴ አለቀ። ከኮረብታው ጀርባ የሴት ድምፅ ሰማሁ። ሴት ካለች ወንዱ አጠገቧ ነው ብዬ በደረቴ መሳብ ጀመርኩ። ሠላሳ ሜትር ያህል ሲቀረኝ ከአንድ ግንድ ሥር «አዳኝ ነኝ! ቁም!» የሚል ጩኸት መጣ።

ሽማግሌ ሰው ነው። ከራሱ እስከ እግሩ ቅጠል መስሏል፣ ፊቱን በጨርቅ ሸፍኗል፣ መጥሪያው ጉልበቱ ላይ ነው። ጣቴ ቃታው ላይ አልነበረም። አፈሙዙ ግን ወደ እሱ ነበር። ይቆጣኛል ስል ዝም ብሎ አየኝ። እሱ ይብሳል። መጨረሻ ላይ «እዚህ ጫካ ውስጥ ከተርኪው ይልቅ ተርኪ የሚመስለው ሰው ይበዛል» አለኝና ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ። ጠዋቱን አበላሽቼበታለሁ። ሊብስም ይችል ነበር።

እሱ ያደረገው ትክክል ነው። ሰው ወደ አንተ ሲሳብ ካየህ እጅህን አታወዛውዝ፣ አታፏጭ፣ በመጥሪያውም አትጥራ። ሳትንቀሳቀስ በሰው ድምፅ ጩህ። ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊም አትልበስ። የወንዱ ተርኪ ራስ በጸደይ የሚይዛቸው ቀለሞች እነሱ ናቸው። ሱሪህ ከፍ ሲል ብቅ የሚል ነጭ ካልሲም ይቆጠራል።

ሰማይ መተኮስ

ረግረግ ላይ ነን። ጎረቤትህ ከሌሊት ጀምሮ የማታለያ ዳክዬዎቹን ውሃው ላይ ዘርግቷል። እየጠራ ነው። መንጋው ሁለት ጊዜ ዞሮ፣ ክንፉን አጥፎ ሊወርድለት ሲል አንተ ሰማንያ ሜትር ከፍታ ላይ ያለውን ታንጣጣዋለህ። መንጋው ይበተናል፣ አንዷ ቆስላ ሸምበቆ ውስጥ ትገባለች፣ የሚበላት የለም። ፍንጣሪ የሚረጨው ጠመንጃ፣ የሾትገን ርቀት 35፣ ቢበዛ 40 ሜትር ነው። በውሃ ወፍ አደን የእርሳስ ጥይት ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመላ አገሪቱ ክልክል ስለሆነ ብዙዎቻችን የምንተኩሰው የብረት ፍንጣሪ ነው። ብረት ከእርሳስ ይቀልላል፣ ቶሎም ይደክማል። ወደ ጎረቤትህ የሚወርደውን መንጋ ለእሱ ተወው። ቀጣዩ ወዳንተ ሲመጣ እሱም ይተውልሃል።

የሰውን የደም ዱካ መከተል

አብራኝ የምትወጣ አንዲት ጎበዝ ልጅ አለች። ባለፈው ዓመት የመጀመሪያዋን አጋዘን በቀስት መታች። ፍላጻውን አይተን አንጀት መሆኑ ገባን። እንዲህ ሲሆን ከ8 እስከ 12 ሰዓት መጠበቅ ነው። ልብና ሳንባ ከሆነ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። አንጀት የተመታ እንስሳ ካልነካኸው ቅርብ ቦታ ተኝቶ ይሞታል። ከነካኸው ተነስቶ ኪሎ ሜትሮች ይሄዳል። የደሙን መጀመሪያ በጥብጣብ ምልክት አድርገን ወደ መኪና ተመለስን። ስንመጣ ሌላ ሰው ዱካችንን ተከትሎ አጋዘኑን አስነስቶታል። «ልረዳ ብዬ ነው» አለ። አጋዘኑ አጥር ዘሎ የግል መሬት ገብቷል። ባለመሬቱን ፈልገን አጣነው። ልጅቱ ወደ ቤት ስንመለስ አንድ ነገር ብቻ ነው ያለችኝ፦ «ጋሼ፣ ይሞታል አይደል?»

ጥብጣብ ካየህ ተመለስ። ያንተ ጥብጣብ ከሆነ ደግሞ ስትጨርስ ልቀመው። ጫካው በሮዝ ጥብጣብ ያጌጠ ሠርግ ቤት መስሏል።

ሌላው የመታው እንስሳ እየተንገዳገደ ወዳንተ ቢመጣና አንተ ብትጨርሰው ግዳዩ የማን ነው? ልማዱ መጀመሪያ የሚገድል ቁስል ላደረሰው ይላል። የትኛው እንደገደለው ካልታወቀ እኔ እለቃለሁ። ታጉን (ግዳዩ ያንተ መሆኑን የሚያሳየውን የፈቃድ ወረቀት) ከማሰርህ በፊት ተነጋገር። ፉከራው ቤትህ ስትደርስ።

የጠመንጃ መነጽር ለማየት መጠቀም

«እሱ ማነው?» ብለህ በጠመንጃህ መነጽር ስታየኝ አፈሙዝህ ደረቴ ላይ ነው። ተራ መነጽር ግዛ።

ብርቱካናማውን መሸሽ

ኮሎራዶ ውስጥ በጠመንጃ ወቅት 500 ስኩዌር ኢንች ደማቅ ብርቱካናማ ወይም ሮዝ ከወገብ በላይ መልበስ ግዴታ ነው። ኮፍያውም ጭምር። «እንስሳው ያየኛል» የሚል ጀማሪ አለ። አጋዘንና ኤልክ ያንን ቀለም እንደኛ አያዩትም። የሚያይህ እኔ ነኝ፣ እንድታይም የምትለብሰው ለእኔ ነው። ኮፍያህን አውልቀህ ቦርሳ ውስጥ አትክተት።

አጥርና በር

ክፍት ያገኘኸውን በር ክፍት፣ ዝግ ያገኘኸውን ዝግ አድርገህ እለፍ። ብዙው የሕዝብ መሬት ላይ የሰው ከብት ይግጣል። በብዙ ግዛቶች ዛፍ ላይ የተቀባ ሐምራዊ ቀለም «አትግባ» ማለት ነው። አንዳንዱ ሥዕል መስሎት ፎቶ ያነሳበታል።

የሕዝብና የግል መሬት እንደ ዳማ ሰሌዳ በሚፈራረቁበት አካባቢ ደግሞ ማዕዘን የመሻገር፣ ማለትም ሁለት የሕዝብ ቁራሾች በጫፋቸው ብቻ በሚነካኩበት ነጥብ ከአንዱ ወደ ሌላው የማለፍ ጉዳይ አለ። ዋዮሚንግ ውስጥ አራት አዳኞች በ2021 እ.ኤ.አ. የግሉን መሬት ሳይረግጡ በመሰላል ከማዕዘን ማዕዘን ተሻገሩ። ተከሰሱ። ነገሩ ፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2025 ለአዳኞቹ ተፈረደ። ውሳኔው የሚሠራው በዚያ ፍርድ ቤት ሥር ባሉት ስድስት ግዛቶች ነው። የአንተ ግዛት ከስድስቱ መሆኑን ሳታጣራ መሰላል አትሸከም።

ሲጎትት አይቶ ማለፍ

ሰው ግዳዩን ቆራርጦ ሸክሙን ዳገት ለዳገት ሲያወጣ ካየኸው «እንኳን ደስ ያለህ» ብለህ አትለፍ። ጠመንጃህን አራግፍና አንድ እግር ተሸከም። የኤልክ የኋላ እግር ከነአጥንቱ ሃያ ኪሎ ያልፋል፤ አንድ ሰው ብቻውን ቀኑን ሙሉ ሲመላለስ ይውላል። ወገብህ ይንቀጠቀጣል፣ ደሙ ጃኬትህ ላይ ይፈሳል። መኪናው ጋ ስትደርሱ ሰውዬው ያመሰግንሃል፤ አንዳንዴ ደግሞ ዙሪያውን አይቶ ድምፁን ዝቅ ያደርግና «እዚያ ላይ፣ ከሁለተኛው ወንዝ በኋላ፣ አንዲት ትንሽ መስክ አለች» ይልሃል።

ያቺን መስክ ያገኘኋት እንደዚህ ነው።