በሐዋሳ ሐይቅ ዳር በእግር ሲዘዋወሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ፍቅር ሐይቅ ከሚባለው የሐይቁ ዳርቻ መዝናኛ ተነስቶ ዳር ዳሩን የዓሣ ገበያው እስካለበት እስከ አሞራ ገደል የሚወስደው የእግር መንገድ፣ ወደ ሐዋሳ የመጣ እንግዳ ከሁሉ አስቀድሞ ሊሄድበት የሚገባ ነው ብዬ አምናለሁ። መንገዱ ሜዳ ነው፤ መኪና አይገባበትም። ከፊሉ ሐይቁ ሲሞላ ውሃው ወደ ከተማዋ እንዳይዘልቅ በተሠራው ግድብ አናት ላይ ስለሚያልፍ፣ በአንድ ወገን ውሃውን፣ በሌላ ወገን የወርካና የሾላ ዛፎችን እያዩ ይጓዛሉ። ሲመለሱ በከተማዋ የውስጥ መንገድ ዞረው ወደ ተነሱበት መድረስ ስለሚችሉ፣ አረጋውያንና ሕፃናት የያዘ ቤተሰብም አይቸገርም። ይሁን እንጂ መንገዱ ቀላል ስለሆነ ብዙ ሰው ሳያስብበት ይሄድና ከሚያገኘው የሚያጣው ይበልጣል። እዚህ ስኖር ደጋግሜ ካየኋቸው ስህተቶች ዋና ዋናዎቹን እነሆ።

የመጀመሪያውና ትልቁ ስህተት ሰዓት አለመምረጥ ነው። በጠዋት ከአዲስ አበባ የሚነሱ እንግዶች 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘው ሐዋሳ ሲደርሱ ቀኑ ይጋመሳል፤ ከዚያ ምሳቸውን በልተው በሰባትና በዘጠኝ ሰዓት መካከል ወደ ሐይቁ ይወርዳሉ። ከቀኑ ሁሉ ለዚህ ጉዞ እጅግ የማይመቸው ሰዓት ይህ ነው። ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ 1,690 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኝ በመሆኑ ፀሐዩ ብርቱ ነው፤ ከውሃው የሚመጣው ነፋስ ሰውነትን ስለሚያቀዘቅዝ ግን ሰው ፊቱና አንገቱ እየተቃጠለ መሆኑን የሚያውቀው ማታ ነው። ወፎቹም በዚያ ሰዓት ወደ ጥላ ገብተዋል፤ በአሞራ ገደል የዓሣው ሥራ አብቅቷል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ እየበረታ ስለሚሄድ ውሃው ይናወጣል። በዚህ ሰዓት አነስተኛ ጀልባ መከራየትም ተገቢ አይደለም፤ ጠዋት በጀልባ ለመሄድ ቢወስኑም እንኳ የሕይወት አድን ጃኬት ሳይለብሱ አይሳፈሩ።

ከተማዋ በሐይቁ ምሥራቃዊ ዳርቻ ላይ ስለተቆረቆረች የጠዋት ፀሐይ ከጀርባዎ ትወጣለች፤ ብርሃኑ ከማዶ ያሉትን ኮረብቶች አስቀድሞ ይነካና ቀስ በቀስ በውሃው ላይ ወደ እርስዎ ይመጣል። ከአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ እስከ ሦስት ሰዓት ያለውን ጊዜ የምመክረው ግን ለዚህ ውበት ብቻ ብዬ አይደለም። ሌሊት መረብ ጥለው ያደሩት አስጋሪዎች ወደ አሞራ ገደል የሚመለሱት በዚያው ሰዓት ነው። ጀልባዋ ዳር ስትነካ ሁለት ሰዎች መረቡን ይዘው ቁጭ ይላሉ፤ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ በጉንጩ በኩል ይዘው፣ ክሩን በአውራ ጣታቸው ገፋ እያደረጉ፣ አንዲት ቋጠሮ ሳይበጥሱ አንድ በአንድ ያወጡታል። ከአጠገባቸው ልጆች ዓሣውን በቢላ ይገፍፋሉ፤ ቅርፊቱ እየተፈናጠረ ክንዳቸው ላይ ይለጠፋል። አባ ኮዳ የሚባሉት ረጃጅም ወፎች ከኋላ ቆመው ይጠብቃሉ። የዓሣው ሆድ ዕቃ ሲወረወር ራሰ በራው ትልቅ ወፍ ሁለት እርምጃ ይራመድና ከመሬት ሳይደርስ ይቀልበዋል። ይህን ትዕይንት በስምንት ሰዓት መጥቶ የሚያገኘው የለም።

ማለዳ መነሳት ለማይሆንለት ሰው የማታው ሰዓትም መልካም ነው። ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ነፋሱ ይለዝባል፤ ፀሐይም ከውሃው ማዶ ትጠልቃለች። ሆኖም በሐይቁ ውስጥ ጉማሬዎች እንዳሉ መዘንጋት አይገባም። ጉማሬ ቀኑን በውሃ ውስጥ ይውላል፤ ሲመሽ ሣር ለመጋጥ ወደ የብስ ይወጣል። በጉማሬውና በውሃው መካከል ከመቆም የበለጠ አደጋ የለምና፣ ከጨለመ በኋላ ሰው ከሚበዛበት መንገድ ወጥቶ ቄጠማና ሸምበቆ ወደ በዛበት ዳርቻ መውረድ ፈጽሞ አይመከርም።

ሁለተኛውን ስህተት ሳነሳ የራሴ ቤተሰብ ትዝ ይለኛል። የእህቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ለዕረፍት መጥቶ ሳለ፣ ሙቀት ስለበረታበት ጫማውን አውልቆ እስከ ጉልበቱ ሐይቁ ውስጥ ገብቶ ተጫወተ። እኔም አጠገቡ ቆሜ ነበር፤ አልከለከልኩትም። በማግስቱ እግሩን ሲያሳክከው ትንኝ ነው አልን። ከሳምንታት በኋላ ግን ትኩሳት፣ የሆድ ቁርጠትና ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ጀመረው። በአንድ ጤና ጣቢያ የወባ መድኃኒት ተሰጥቶት ተመለሰ፤ በሐይቁ ውስጥ መግባቱን የተናገረም የጠየቀም አልነበረም። ሌላ ቦታ ሰገራው ሲመረመር ቢልሃርዝያ ሆኖ ተገኘ።

የበሽታው አካሄድ ቢታወቅ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልደረሰ ነበር። በሐይቁ ዳር፣ ሣርና ቄጠማ በበዛበት ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ ጥቃቅን ቀንድ አውጣዎች ይኖራሉ። በሽታው ያለበት ሰው ሰገራ ወደ ውሃው ሲገባ ጥገኛ ተሕዋስያኑ ቀንድ አውጣው ውስጥ ይራባሉ፤ ከዚያም በዓይን የማይታዩ እጮች ሆነው በተለይ በቀን ብርሃን ወደ ውሃው ይወጣሉ። የሰው ቆዳ ሲያገኙ በደቂቃዎች ውስጥ ሰርስረው ይገባሉ። ስለዚህ ውሃውን አለመጠጣት ብቻ በቂ አይደለም፤ እግርን መንከርም ያስይዛል፤ ከወጡ በኋላ በፎጣ መጥረግም አስተማማኝ መከላከያ አይሆንም። ውሃው የጠራ መምሰሉም፣ የአካባቢው ልጆች ሲዋኙ መታየታቸውም ማስረጃ ሊሆን አይችልም፤ ከእነዚያ ልጆች መካከል በሽታውን ይዘው የሚኖሩ አሉና። የተነከረ ሰው ካለ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የሰገራ ምርመራ ያድርግ፤ ለሐኪሙም በሐይቁ ውስጥ መግባቱን ሳይጠየቅ ይንገር። ፕራዚኳንቴል የሚባለው መድኃኒት ያድናል።

ሦስተኛው ስህተት ባዶ የውሃ ፕላስቲክና ፌስታል ዳር ላይ ጥሎ መሄድ ነው። ይህ በየትኛውም ቦታ ነውር ነው፤ በሐዋሳ ሐይቅ ግን ከሌላው የከፋ የሚሆንበት ምክንያት አለ። 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ይህ ሐይቅ ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከእርሱ የሚወጣ ወንዝ የለም። ውሃው የሚቀንሰው በትነትና ወደ ከርሰ ምድር በመስረግ ነው፤ ፕላስቲክ ደግሞ አይተንም፣ አይሰርግም። ዛሬ ከግድቡ ላይ የተወረወረው ነገር ጠርጎ የሚወስደው ጅረት ስለሌለ ከዚያው ይከርማል፤ ማዕበሉ እየመለሰ ቄጠማው ሥር ያከማቸዋል፤ ዓሣው የሚራባው፣ ወፉም ጎጆ የሚሠራው እዚያው ነው። ፌስታሉን አጣጥፎ ኪስ ውስጥ ማስገባት ከማንም አቅም በላይ አይደለም።

ጦጣዎቹን መመገብም እንዲሁ ስህተት ነው። ሙዝ ወይም ዳቦ በእጅ መቀበል የለመደች ጦጣ ነገ ከሕፃን እጅ ትነጥቃለች፤ ከከለከሏትም ትነክሳለች። ጉሬዛው ግን ቅጠል እየበላ ዛፉ ላይ መዋል ይመርጣልና፣ ቀና ብሎ በትዕግሥት ለሚፈልገው ሰው ነጭና ጥቁር ጠጉሩን ዘርግቶ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ሲዘል ይታያል። ብዙዎች ዓይናቸውን ከስልካቸው ስለማያነሱ ከሥሩ ሳያዩት ያልፋሉ፤ ይህ እጅግ ያሳዝነኛል።

ስለ ምግብ አንድ ነገር ልጨምር። በአሞራ ገደል ጥሬ ዓሣ በዳጣ መብላት የተለመደ ነው፤ ልጆቹም «ጋሼ፣ ትኩስ ነው፣ ይቅመሱ» እያሉ ያቀርባሉ። ልማዱን አከብራለሁ፤ ነገር ግን የሐይቅ ዓሣ በጥሬው ሲበላ ጥገኛ ትላትልን ሊያስተላልፍ ስለሚችል ለእንግዳ አልመክርም። የዓሣ ሾርባው ወይም በደንብ የተጠበሰው ቆሮሶ ያንኑ ትኩስ ዓሣ ያለ ስጋት ያስቀምሳል። ለመግቢያውና ለምግቡ የሚሆን ዝርዝር ብር ይያዙ። አስጋሪዎቹን ፎቶ ከማንሳትዎ በፊትም ሰላምታ ሰጥተው ይጠይቁ፤ ሥራ ላይ ያለ ሰው ፊት ሳይናገሩ ካሜራ መደገን ቅር ያሰኛል።

በመጨረሻ፣ የሐይቁን ዳርና የታቦርን ተራራ በአንድ ጠዋት ለመጨረስ የሚጣደፉ አሉ። ከአሞራ ገደል ወደ ታቦር ለመውጣት ሲነሱ ፀሐዩ ጠንክሮ ያገኛቸዋል፤ ዳገቱ ረጅም ባይሆንም ጥላ የሌለበት ስፍራ አለው። ጠዋቱን ለሐይቁ መስጠት፣ ከቁርስ በኋላ ማረፍ፣ ተራራውን ደግሞ ወደ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ መጀመር ይሻላል። በዚያ ሰዓት የወጣ ሰው ማለዳ በእግሩ የሄደበትን ዳርቻ፣ የጀልባዎቹን ማረፊያና ከተማዋን በሙሉ ከላይ ሆኖ ያያል።