ከዓባይ ድልድይ እስከ ደጀን፦ አቀበት ላይ ጉልበት የሚያጣ የቱርቦ ናፍጣ ሞተር ችግርና መፍትሔ

የዓባይ ድልድይ ከባሕር ጠለል በላይ 1,000 ሜትርን ጥቂት ያለፈ ከፍታ ላይ ሲገኝ፣ ደጀን ከተማ ደግሞ ከ2,400 ሜትር በላይ ትገኛለች፤ ይህ ሁሉ ከፍታ የሚወጣው 20 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ ጠመዝማዛ መንገድ ነው። የአየሩ ግፊት በድልድዩ አካባቢ በባሕር ጠለል ካለው 88 በመቶ ያህል ሲሆን፣ ደጀን ላይ ወደ 75 በመቶ ይወርዳል። ስለዚህ ሞተሩ ከፍተኛ ጉልበት በሚጠየቅበት በዚያው ሰዓት የሚስበው አየር እየሳሳ ይሄዳል። ቱርቦ (በሞተሩ ጭስ እየተሽከረከረ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋው መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ገደማ ያጣል፤ ቱርቦ ያለው ግን ይበልጥ እየተሽከረከረ የጎደለውን አየር ለመሙላት ይጥራል። ከባሕር ዳር እስከ መርዓዊ ባለው ሜዳማ መንገድ ላይ ሾፌሩ ልብ የማይለው ትንሽ የአየር ማፍሰስ ዓባይ በረሃ ላይ መኪናውን በሁለተኛ ማርሽ የሚያስለምነው በዚህ ምክንያት ነው።

ማንኛውም ፍተሻ ከጭሱ ይጀምራል። ጭሱን ከመኪናው ውስጥ ሆኖ መገመት ስለማይበቃ፣ ረዳቱ በመስታወት እንዲከታተል ወይም ከኋላ የሚመጣ ሾፌር አይቶ እንዲናገር ማድረግ ይገባል፤ ሞተሩ ጭነት ላይ ሳለ የሚወጣው ጭስ ቆሞ ሳለ ከሚወጣው ይለያልና።

ጥቁር ጭስ እያወጣ ጉልበት ሲያጣ

ጥቁር ጭስ የሚወጣው ለሚረጨው ናፍጣ የሚበቃ አየር ባለመግባቱ ነው። ብዙ ጊዜ ግን መኪናው ደከመ በሚል የናፍጣ ፖምፓው ብሎን ተዙሮ ናፍጣ ይጨመርለታል፤ ይህ በፍጹም መደረግ የሌለበት ነገር ነው። የቤንዚን ሞተር ከልኩ ያለፈ ነዳጅ ሲገባለት የቃጠሎው ሙቀት ሊቀንስ ይችላል፤ የናፍጣ ሞተር ግን በተቃራኒው፣ ናፍጣ በተጨመረለት ቁጥር የጭሱ ሙቀት እየናረ ይሄዳል። አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይቀልጣል፤ የፒስተኑ ቅይጥ ደግሞ እዚያ ሳይደርስ መላላት ይጀምራል።

ከሞጣ በኩል እህል ጭኖ የመጣ አንድ መካከለኛ የጭነት መኪና ደብረ ማርቆስ ላይ ከፍተን ስናይ፣ ሦስተኛው ፒስተን አናቱ ተበልቶ፣ ፋሻዎቹም (የፒስተኑ ቀለበቶች) ተጣብቀው አገኘናቸው። የፖምፓው ብሎን ማኅተም ተሰብሮ ነበር፤ ሾፌሩም በተለያየ ጊዜ ሦስት ቦታ እንዳስጨመረ አልደበቀንም። የችግሩ ሥር ግን ከኢንተርኩለሩ (ከቱርቦው የወጣውን አየር ከሚያቀዘቅዘው ክፍል) ወደ ሞተሩ የሚሄደው ማኒኮቶ፣ ማለትም የጎማ ቱቦ፣ ነበር፤ ከታች በኩል፣ ዓይን በማያየው ቦታ፣ የጣት ርዝመት ያህል ተሰንጥቋል። የአንድ ማኒኮቶ ጉዳት ባለንብረቱን ሙሉ የሞተር እድሳት አስወጣው። ዛሬም ሳስታውሰው ይቆጨኛል፤ ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝም እርሱ ነው።

ፍተሻው ከአየር ማጣሪያው ይጀምር። በጮቄ ዙሪያ ባለው የጠጠር መንገድ የሚሠራ መኪና ማጣሪያውን በአስፋልት ከሚሄደው እጅግ ፈጥኖ ይሞላል። ማጣሪያው በኮምፕረሰር ሲነፋ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ረጋ ባለ ግፊት መሆን አለበት፤ በኃይል ከተነፋ ወረቀቱ ይበሳና አቧራው በቀጥታ የቱርቦውን ክንፎች ይበላል።

ከዚያ ወደ ማኒኮቶዎቹና ወደ ማሰሪያ ፋሸታዎቻቸው መሄድ ነው። ሞተሩን አስነሥቶ ያለ ማርሽ ነዳጅ መርገጥ በቂ ግፊት ስለማይፈጥር በዚህ መንገድ የተሰነጠቀ ማኒኮቶ ላይገኝ ይችላል። የሚሻለው ሞተሩን አጥፍቶ የቱርቦውን መግቢያ በሚገባ ከደፈኑ በኋላ፣ ቱርቦው ራሱ ከሚፈጥረው ግፊት ያልበለጠ፣ ለአብዛኛው መኪና ከ1 ባር በታች የሆነ አየር አስገብቶ መገጣጠሚያዎቹን ሁሉ የሳሙና ውሃ መቀባት ነው፤ አረፋ የሚወጣበት ቦታ ማፍሰሻው ነው። ዘይት የወዛበትና አቧራ የተለጠፈበት መገጣጠሚያም ብዙውን ጊዜ ቦታውን አስቀድሞ ያሳያል። የተሰነጠቀውን በጎማ ቁራጭና በሽቦ ማሰር ከአቀበቱ አጋማሽ አያልፍም፤ መቀየር አለበት።

ማኒኮቶዎቹ ደኅና ከሆኑ ዌስትጌት የሚባለው የትርፍ ጭስ ማሳለፊያ በር ክፍት ሆኖ አለመያዙን፣ በጭስ መውጫው ማኒፎልድና በቱርቦው መካከል ያለው ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ጥቀርሻ አለመትፋቱን ማየት ይገባል፤ ቱርቦውን የሚያዞረው ያ ጭስ ነውና እዚያ ከፈሰሰ ግፊት አይኖርም። በአዳዲሶቹ መኪኖች ላይ ደግሞ አቅጣጫቸውን የሚቀያይሩት የቱርቦ ክንፎች በጥቀርሻ ሊያዙ ይችላሉ። ናፍጣውን የሚረጨው ኢንጀክተር የሚፈተሸው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ብሎኑ ቀደም ብሎ ተነክቶ ከሆነም፣ አየሩ ከተስተካከለ በኋላ ፖምፓው በመፈተሻ ማሽን ላይ ወደ አምራቹ ልክ መመለስ አለበት፤ በዓይን ግምት የሚመለስ ልክ የለም።

ጭስ ሳይኖር ጉልበት ሲያጣ

ይህ የቀደመው ተቃራኒ ነው፦ አየሩ አለ፣ የጎደለው ናፍጣው ነው። ናፍጣ በሚጠፋበት ወቅት ከበርሜልና ከጄሪካን የሚቀዳው ውሃና ቆሻሻ ይዞ ስለሚመጣ፣ በቅድሚያ የናፍጣ ማጣሪያውን ውሃ ማፍሰስ፣ ካስፈለገም ማጣሪያውን መቀየር ይገባል። የሰልባትዮው (የናፍጣ ታንከሩ) ክዳን መተንፈሻ ተደፍኖ እንደሆነ ደግሞ ክዳኑን ፈታ አድርጎ መሞከር ነው፤ አየር ሲስብ ድምፅ ከተሰማና መኪናው ከተሻለው ምክንያቱ ተገኘ ማለት ነው።

ብዙ ሰው የማያስበው አንድ ነገር አለ። በሜካኒካል ፖምፓ ላይ ከቱርቦው ግፊት የሚቀበል ቀጭን ቱቦና ከሥሩ የጎማ ሽፋን አለ፤ ሥራው ግፊቱ ሲጨምር ናፍጣውንም አብሮ መጨመር ነው። ቱቦው ከተነቀለ ወይም ሽፋኑ ከተቀደደ ሞተሩ ያለ ቱርቦ እንደሚሠራ ሞተር ብቻ ይመገባል። በዚህም ጊዜ መድኃኒቱ ሽፋኑን መቀየር እንጂ ብሎን ማዞር አይደለም።

ሰማያዊ ጭስ

የሚቃጠለው ዘይት ነው። ከቱርቦው ይሁን ከፋሻው ለመለየት ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የቱርቦውን መግቢያ ቱቦ ፈትቶ ዘንጉን በጣት መንካት ይጠቅማል። ወደ ጎን ትንሽ መወዛወዝ የተለመደ ነው፤ ወደፊትና ወደኋላ የሚታወቅ እንቅስቃሴ ካለ ወይም ክንፎቹ ግድግዳውን ከነኩ ግን ቱርቦው አብቅቷል። አዲስ ከመግጠም በፊት የዘይት መግቢያና መመለሻ ቱቦዎቹ መጽዳት ወይም መቀየር አለባቸው፤ አለዚያ አዲሱም እንደ አሮጌው ይሞታል። ከአቀበቱ ወጥቶ ደጀን ላይ ለቁርስ የሚቆም ሾፌር ሞተሩን ወዲያው ማጥፋት የለበትም፤ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ሲሽከረከር የቆየ ዘንግ ዘይት በድንገት ሲቋረጥበት፣ በውስጡ የቀረው ዘይት በግለቱ ይከስላል። 3 ደቂቃ ያህል በዝግታ እንዲሠራ መተው ይበቃል።

በቱርቦው በኩል የሚገባው ዘይት ከበዛ ሞተሩ የራሱን ዘይት እየበላ ቁልፍ ቢጠፋም ሊሮጥ ይችላል። ያን ጊዜ መኪናውን ከፍተኛ ማርሽ ውስጥ አስገብቶ፣ ፍሬን አጥብቆ ይዞ፣ ፍሪሲዮኑን በመልቀቅ ማነቅ ይገባል። ማንም ሰው እጁን ወደ አየር መሳቢያው እንዳያስጠጋ።

ነጭ ጭስና ሙቀት

ጠዋት ሲነሣ የሚታይና ቶሎ የሚጠፋ ነጭ ጭስ አያሠጋም። የራዲያተር ውሃ እየቀነሰ የሚቀጥል ከሆነ ግን የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ራስ) ጓርኒሲዮን ተበልቶ ሊሆን ይችላል።

ክፍት ውሃ ደጀን ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ 0.9 ባር የሚይዝ ጤነኛ የራዲያተር ክዳን ይህን ወደ 114 ገደማ ያደርሰዋል። ስለዚህ ሞተሩ ሳይበላሽ፣ ክዳኑ ብቻ በመድከሙ አቀበት ላይ ውሃ የሚገነፍልበት መኪና ብዙ ነው። በታኅሣሥና በጥር ከአውድማ መልስ የጤፍ ገለባ በራዲያተሩ ፊት ስለሚጠቀጠቅ ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ፣ በቀስታ፣ በውሃ መታጠብ አለበት። የውሃውን መንገድ እንደ ሙቀቱ የሚከፍተውንና የሚዘጋውን ቴርሞስታት አውጥቶ መጣልም ልማድ ሆኗል፤ በብዙ ሞተሮች ላይ ግን ቴርሞስታቱ ሲወጣ አቋራጩ መንገድ ክፍት ይቀርና ከውሃው ከፊሉ ወደ ራዲያተሩ ሳይደርስ ይመለሳል፤ መኪናው ይበልጥ የሚሞቀውም ለዚህ ነው።

ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ክዳኑ ተከፍቶ ሲነሣ ውሃው ውስጥ ሳያቋርጥ አረፋ የሚወጣ ከሆነ፣ የቃጠሎው ግፊት ወደ ውሃው እየገባ ነው። ያ መኪና ቴስታታው ወርዶ ሳይለካ ወደ ዓባይ በረሃ መውረድ የለበትም፤ ቁልቁለቱን ቢወርድ እንኳ አቀበቱን አይወጣውም።