ለዴስክቶፕ የዋይፋይ ካርድ ሲገዙ የሚሠሩ ስህተቶች

ጎረቤቴ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ባለፈው ሳምንት በር ላይ ጠብቀው «ልጄ፣ ለኮምፒውተሬ የሚሆን ካርድ ፈልግልኝ» አሉኝ። ልጃቸው ከጓዳ ሰምታ «የስንት ብር?» አለች። የስልክ ካርድ መስሏት ነው።

እሳቸው የፈለጉት ኮምፒውተሩን ያለ ገመድ ከኢንተርኔት የሚያገናኘውን የዋይፋይ ካርድ ነው። እዚህ ደብረ ማርቆስ በየቤቱ የማየው ዴስክቶፕ አብዛኛው ያገለገለ ነው። ጠንካራ ነው፣ ግን ዋይፋይ የለውም። ካርዱ ደግሞ ሲያዩት ቀላል ዕቃ ይመስላል። እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ ተሸውጄበታለሁ።

የመጀመሪያው ስህተት ሲፒዩውን ሳይከፍቱ መግዛት ነው። (ሳጥኑን ሁላችንም ሲፒዩ እንለዋለን። እውነተኛው ሲፒዩ ውስጥ ያለው ቺፕ ቢሆንም ልማዱን አልከራከርም።) የኔው ቀጭን ሳጥን ነው። ካርዱን አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው አስይዤ አስመጣሁ። ስከፍተው ጫፉ ላይ ያለችው የማሰሪያ ብረት ረጅም ናት። ለትልቅ ሳጥን የተሠራችው 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ትሆናለች፤ ለቀጭኑ የሚሆነው 8 ሴንቲ ሜትር ያህሉ ነው። ሻጩ ጋ ስደውል «የተከፈተ ዕቃ አንመልስም» አለኝ። ቢመልስስ? 300 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ያውም የዓባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ። ብረቷን ፈትቼ ካርዱን እንዲሁ ሰካሁት። አንቴናው በተነካ ቁጥር ካርዱ ይነቃነቃል፣ ዋይፋዩም ይጠፋል። ወራት እንደዚያ ኖርኩ። አንዳንዱ ካርድ ሁለቱንም ብረት ካርቶኑ ውስጥ ይዞ ይመጣል። ጠይቃችሁ ግዙ።

ስትከፍቱ ስሎቱንም (ዋናው ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ካርድ የሚሰካበትን ቦታ) እዩት። አሁን የሚሸጠው ካርድ የሚገባው ፒሲአይ ኤክስፕረስ ከሚባሉት ስሎቶች አጭሩ ላይ ነው። አጭሩ ከተያዘ ረጅሙም ይሆናል፤ ካርዷ አንዱ ጥግ ላይ ትገባለች፣ የቀረው ባዶ ይሁን። በጣም ያረጀ ማዘርቦርድ ላይ ያለው ነጩ የድሮው ፒሲአይ ግን ሌላ ነው፤ አይገጥምም። ከመክፈታችሁ በፊት የኤሌክትሪክ ገመዱን ንቀሉ።

ሁለተኛው ካርቶኑ ላይ ባለ ቁጥር መታለል ነው። «ኤሲ 1200» ሲባል 1200 ሜጋቢት በሰከንድ ይመጣል ማለት አይደለም። በ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ 300፣ በ5 ጊጋኸርዝ ሞገድ 867 ደምረው፣ አጠጋግተው የጻፉት ነው። ኮምፒውተራችሁ በአንድ ጊዜ የሚያያዘው በአንዱ ብቻ ነው። ያም ቢሆን የወረቀት ላይ ፍጥነት ነው። ደግሞ ቤታችሁ የሚገባው መስመር 10 ሜጋቢት ከሆነ የትኛውም ካርድ 11 አያደርገውም። ራውተራችሁ የድሮ ከሆነ አዲስ ዋይፋይ 6 (ከኤሲ ቀጥሎ የመጣው ትውልድ) ካርድ ገዝታችሁም በድሮው ፍጥነት ነው የምትሄዱት። እኔ ብሆን ሁለቱንም ሞገድ የሚይዝ ኤሲ 1200 ይበቃኛል እላለሁ። 2.4 ብቻ የሚይዘውን ርካሹን ግን እተወዋለሁ፤ በዚያ ሞገድ ላይ የጎረቤት ራውተር ሁሉ ይጨናነቃል።

እዚህ ላይ የቤቱ ነገር ይመጣል፤ ሰው የሚረሳውም ይህንኑ ነው። 5 ጊጋኸርዝ ፈጣን ነው፣ ግድግዳ ግን አይወድም። እኛ አገር ግቢ ደግሞ ራውተሩ ትልቁ ቤት ሳሎን ውስጥ ነው፤ ተከራዩ ከጓሮ ሰርቪስ ቤት። መሃላቸው ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ወይም ብሎኬት፣ ሲብስም የቆርቆሮ አጥር አለ። ቆርቆሮ ሞገድ አያሳልፍም፣ ይመልሰዋል። እንዲህ ላለ ቤት 2.4 ይሻላል፤ አንቴናውም ረዘም ባለ ገመድ ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ወይም መስኮት አጠገብ የሚቀመጥ ቢሆን ይመረጣል። ሳጥኑ ወለል ላይ፣ አንቴናው ከኋላው ግድግዳ ሥር ከሆነ በምን ይስማ?

ሁለተኛው የተሸወድኩበት ይኸው ነው። ጥፍር የምታክል የዩኤስቢ ዋይፋይ ገዝቼ ከሳጥኑ ኋላ ሰካኋት። ሲግናል አንድ መስመር። ብረቱ ከልሏታል። በአንድ ሜትር የዩኤስቢ ማስረዘሚያ ወደ ላይ ባወጣኋት ጊዜ ሦስት መስመር ሆነ። ሌላም ነገር አለ፤ ሰማያዊው ዩኤስቢ 3 ሲሠራ በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ረብሻ ያወጣል። 2.4 ብቻ የሚይዝ ዕቃ ከሆነ ጥቁሩ ላይ፣ ከሰማያዊው ራቅ አድርጋችሁ ሰኩት።

የላፕቶፕ ካርድ ርካሽ ነው ብላችሁም አትቸኩሉ። ትንሿን ካርድ ዴስክቶፕ ላይ ለመግጠም ማዘርቦርዱ ቦታ ሊኖረው ይገባል፣ ካልሆነም ማስተላለፊያ (አዳፕተር) ሊገዛ ነው። ስሙም ያሳስታል። ኢንቴል ኤኤክስ 200 ብዙ ማሽን ላይ ይሠራል፤ ኤኤክስ 201 ግን የሚሠራው ለሱ የተዘጋጀ የኢንቴል ማዘርቦርድ ላይ ብቻ ነው። የአንድ ቁጥር ልዩነት ናት።

ድራይቨርም (ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባው ሶፍትዌር) አለ። ካርዱ ሲዲ ይዞ ይመጣል፣ ኮምፒውተሩ ሲዲ ማጫወቻ የለውም። ከኢንተርኔት እናውርድ ብትሉ ኢንተርኔቱ ገና አልመጣም። መላው ስልክ ነው፤ በቻርጀር ገመዱ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኙት፣ ቅንብሩ ውስጥ ገብታችሁ ኢንተርኔቱን በዩኤስቢ አጋሩት፣ ከዚያ ድራይቨሩን አውርዱ። ዊንዶውስ 7 ላይ ያላችሁ ግን ተጠንቀቁ፤ ኢንቴል ለዋይፋይ 6 ካርዶቹ ድራይቨር ያወጣው ከዊንዶውስ 10 ጀምሮ ላሉት ነው።

ብሉቱዝ አለው ተብሎ ከተሸጠላችሁ ካርዱ ከማዘርቦርዱ የዩኤስቢ ፒኖች ጋር በትንሽ ገመድ መገናኘት አለበት። ያ ገመድ ካልተሰካ ዋይፋዩ ይሠራል፣ ብሉቱዙ አይሠራም።

የመጨረሻው ስህተት ካርድ በማያስፈልግበት ቤት ካርድ መግዛት ነው። መምህሩ ቤት ገብቼ ሳይ ራውተሩ ከኮምፒውተሩ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ነው። ዳንቴል አልብሰውታል። ከሳጥኑ ኋላ የኔትዎርክ ገመድ መሰኪያ አለ፣ ማንም ነክቶት አያውቅም። ከቤቴ የሁለት ሜትር ኬብል አምጥቼ ሰካሁላቸው። «ካርዱስ?» አሉኝ፣ ቡናው እየተቀዳ።