የምጣድዎን ሬዚስታንስና ዋት ከቮልትና ከአምፒር ማስላት

ደሴ ላይ ማታ ምጣድ አልግል ሲል መጀመሪያ የሚወቀሰው ሽቦው ነው። ሳይፈቱት በፊት ቢሰላ ይሻላል። ቮልት ለአምፒር ሲካፈል ሬዚስታንሱን (ሽቦው ከረንቱን የሚገታበትን መጠን) በኦም፣ ቮልት በአምፒር ሲባዛ ጉልበቱን በዋት ይሰጣል።

ቮልቴጁን ምጣዱ በርቶ እያለ፣ በዚያው መስመር ካለ ሌላ ሶኬት ይለኩ። ምጣዱ ጠፍቶ የተለካ ቮልቴጅ ብዙም አይጠቅምም፤ መስመሩ የሚወርደው ሲጫን ነው። አምፒሩን በክላምፕ ሜትር፣ ሽቦውን በመንጋጋው አቅፎ በሚለካው መሣሪያ፣ ይለኩ። ተራ ቴስተር አብዛኛውን ጊዜ እስከ 10 አምፒር ብቻ ስለሚችል ፊውዙ ይቃጠላል። ክላምፑ ፌዙን (ኤሌክትሪክ ያለበትን ሽቦ) ብቻ ይቀፍ፤ ሁለቱን ሽቦ አንድ ላይ ከያዘ የሚሄደውና የሚመለሰው ተጣፍተው ዜሮ ያነባል።

220 ቮልትና 16 አምፒር አገኙ እንበል። 220 ለ16 ሲካፈል 13.75 ኦም፣ 220 በ16 ሲባዛ 3,520 ዋት ነው። ለማረጋገጥ ስፒናውን ነቅለው ሁለቱን እግሮቹን በኦም ይለኩ (የምጣዱ ማብሪያ በርቶ)። የቴስተሩን ጫፎች አገናኝተው የሚያሳየውን፣ ለምሳሌ 0.3፣ ይቀንሱ። የምጣድ ሽቦ አብዛኛውን ጊዜ ኒክሮም (የኒኬልና የክሮሚየም ቅይጥ) ስለሆነ ቀዝቅዞም ግሎም ልዩነቱ ትንሽ ነው። የድሮው ባለ ክር አምፖል ግን ሲቀዘቅዝ ከሚሠራበት አሥር እጥፍ ገደማ ያነሰ ኦም ስለሚያሳይ በዚህ መንገድ አይፈተንም።

አሁን ቮልቴጁ ወደ 180 ወረደ። ብዙ ሰው 180 በ16 ያባዛና 2,880 ዋት ይላል። ስህተት ነው፤ ያልተለወጠው ኦሙ እንጂ አምፒሩ አይደለም። 180 ለ13.75 ሲካፈል 13.1 አምፒር ይሆናል፤ ጉልበቱም 2,356 ዋት ገደማ ነው፣ ከቀድሞው ሁለት ሦስተኛው ብቻ። እንጀራው ዓይን የሚያጣው ለዚህ ነው፤ ሽቦው ምንም አልሆነም።

ይህን ሳያዩ ሽቦውን ማሳጠር አደገኛ ነው። አንድ አሥረኛው ቢቆረጥ 12.4 ኦም ይቀራል፤ ቮልቴጁ ወደ 220 ሲመለስ 17.8 አምፒርና 3,900 ዋት ይስባል። ለ16 አምፒር የተሠራ ሶኬት ይህን አይሸከምም።

ስፒና የሚቀልጥበትም ምክንያት በዚሁ ስሌት ይገኛል። በላላ ብሎን ላይ 0.2 ኦም ብቻ ቢፈጠር፣ አምፒሩ በራሱ ከዚያም በኦሙ ሲባዛ፣ 16 × 16 × 0.2፣ 51 ዋት ይመጣል። ጥፍር በምታህል ቦታ ላይ ያ ሁሉ ሙቀት ፕላስቲኩን ያጠቁራል። ምጣዱ ሩብ ሰዓት ከሠራ በኋላ ብሬከሩን አጥፍተው ስፒናውን ይዳስሱ፤ እጅ የማያስቆም ከሆነ ብሎኑን ያጥብቁ፣ የጠቆረውን ሶኬት ይቀይሩ። ምጣድን በቀጭን ኤክስቴንሽን ማብራት ጭራሽ አይታሰብ።

ኮምቦልቻ ወፍጮ ቤት ወይም ጋራዥ ላለ ሞተር ግን ቮልትን በአምፒር ማባዛት ብቻውን አይበቃም። ታርጋው ላይ ያለውን የፓወር ፋክተር (ከቮልትና ከአምፒሩ ብዜት ምን ያህሉ እውነተኛ ዋት እንደሆነ የሚያሳይ) ቁጥር፣ 0.8 ከሆነ 0.8ን፣ ያባዙበት። በሦስት ፌዝ ደግሞ በ1.73ም ይባዛል፦ 1.73 × 380 ቮልት × 20 አምፒር × 0.8 ወደ 10.5 ኪሎዋት ይሆናል። የሞተር ጥቅልልን በቴስተር ሲለኩ ኦሙ ከስሌቱ በጣም ቢያንስ አይደንግጡ፤ ሞተሩ ሲሠራ ከረንቱን የሚገታው በአብዛኛው የጥቅልሉ ማግኔት እንጂ የሽቦው ኦም አይደለም።