አሮጌ የመጥለቂያ ሬጉሌተር ለጀማሪ ይሆናል? ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

ባሕር ዳር ተቀምጦ ጣና ውስጥ ለመጥለቅ የሚመኝ ጀማሪ የአዲስ ሬጉሌተር (የቦምቦላውን አየር ለመተንፈስ በሚመች ግፊት የሚያቀብለው መሣሪያ) ዋጋ ሲነገረው፣ ሌላ ጠላቂ ትቶት በሄደው አሮጌ ዕቃ ላይ ዓይኑን ቢጥል አይፈረድበትም። እኔም የመጀመሪያዬን የገዛሁት እንዲሁ ነበር። መልሴ አጭር ነው፦ ለሞዴሉ መለዋወጫ ዛሬም የሚመረት ከሆነና ጀማሪው ውሃ ከመግባቱ በፊት የሠለጠነ ባለሙያ ፈትቶ ካደሰው ይሆናል፤ ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ ግን አይሆንም። በክሮም የተለበጠው የነሐስ አካል በደንብ ከተያዘ ለአሥርት ዓመታት ያገለግላል፤ የሚያረጀው በውስጡ ያለው ጎማና ፕላስቲክ ነው።

አሠራሩን የቤት ቡታጋዝ የሚጠቀም ሁሉ በከፊል ያውቀዋል፤ ሁለቱም የቦምቦላን ግፊት ዝቅ ያደርጋሉ። የመጥለቂያው ግን ይህን በሁለት ደረጃ ይሠራል። ቦምቦላው ላይ የሚታሰረው የመጀመሪያው ክፍል 200 ባር ገደማ የሆነውን ግፊት ከአካባቢው ግፊት በላይ ወደ 9 ወይም 10 ባር ያወርደዋል (ይህ መካከለኛው ግፊት ይባላል)፤ አፍ ላይ የሚያዘው ሁለተኛው ክፍል ደግሞ ያንኑ አየር ጠላቂው ካለበት ጥልቀት ጋር አስተካክሎ ያቀብላል።

ጸጥ ብሎ ቆይቶ ማፏጨት ሲጀምር

ብዙ ገዢ የሚታለለው በዚህ ምልክት ነው። የእኔን ሻጩ ቤት ሁለት ሦስት ጊዜ ተንፍሼበት እንከን ስላጣሁበት፣ ቦምቦላው እንደተከፈተ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬው ቡና ልንጠጣ ተቀመጥን። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሳይቀዳ ከአፍ መያዣው ቀጭን ፉጨት ተሰማ፤ አየር የሚለቀውን ቁልፍ ተጭነን ስንለቀው ለጥቂት ጊዜ ዝም ይልና መልሶ ያፏጫል። ምክንያቱ በመጀመሪያው ክፍል ውስጥ ከፍተኛውን ግፊት የሚዘጋው ፕላስቲክ መቀመጫ መጎድጎዱ ነው፤ አየሩ በዝግታ ስለሚሾልክ መካከለኛው ግፊት እየጨመረ ይሄድና በመጨረሻ ሁለተኛውን ክፍል ገፍቶ ይከፍተዋል። መፍትሄው መቀመጫውንና ኦ-ሪንጎቹን (አየር እንዳያሾልክ የሚዘጉትን የጎማ ቀለበቶች) መቀየር ነው። ከመግዛትዎ በፊት መካከለኛውን ግፊት በሚለካ ማኖሜትር (የግፊት መለኪያ) ቢያስለኩት፣ ጤነኛው ቁጥሩን ወዲያው ይዞ ይረጋል፣ የታመመው ግን ለደቂቃዎች ሽቅብ ሲሄድ ይታያል። በጣም አሮጌ በሆኑ አንዳንድ ሞዴሎች የሁለተኛው ክፍል ቫልቭ ትርፍ ግፊትን እንዲያስተነፍስ ሆኖ አልተሠራም፤ እንዲህ ባለው ላይ የግፊት ማስተንፈሻ ካልተገጠመለት ቱቦው ሊፈነዳ ስለሚችል ለጀማሪ ፈጽሞ አልመክረውም።

አየሩ በግድ ሲሳብ

መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ፉጨቱን ለመደበቅ የሁለተኛው ክፍል ሞላ ከመጠን በላይ ጠብቆ ሊሆን እንደሚችል ነው፤ ስለዚህ ሞላውን ከማላላት በፊት መካከለኛው ግፊት ይለካ። ቀጥሎ አየር በሚገባበት አፍ ላይ ያለችውን ትንሽ የብረት ማጣሪያ በባትሪ ብርሃን ይመልከቷት። አረንጓዴ ከሆነች የባሕር ውሃ ገብቶ ነሐሱን በልቶታል፤ ቀይ ቡናማ ከሆነች የብረት ቦምቦላ ዝገት ነው፤ ግራጫማ ነጭ ዱቄት ከታየባት ከአሉሚኒየም ቦምቦላ የመጣ ነው። በሦስቱም ማጣሪያዋን ብቻ ቀይሮ መሄድ አይበቃም፤ ቆሻሻው ውስጥ ገብቶ እንደሆነ ለማወቅ ክፍሉ ሙሉ በሙሉ መፈታት አለበት። ቦምቦላው ሲጎድል ብቻ የሚከብድ ከሆነ ግን ብልሽት ላይሆን ይችላል፤ ቀላል አሠራር ያላቸው የድሮ ፒስተን ሬጉሌተሮች የቦምቦላው ግፊት ሲወርድ አየር የማቅረብ አቅማቸው ይቀንሳል።

ከአየሩ ጋር ውሃ ሲገባ

አየር ሳይገናኝ የመግቢያውን ክዳን ዘግተው በአፍ መያዣው ይሳቡ። ምንም ካልገባ ደህና ነው። አየር ከገባ የአፍ መያዣው ጎማ ተበስቷል፣ ወይም ዲያፍራሙ (ከውሃው የሚለየው ተለጣጭ ጎማ) ተቀዷል፣ ወይም ትንፋሽ የሚወጣበት ስስ ጎማ ታጥፎ ደርቋል። ሦስቱም ርካሽና በቀላሉ የሚቀየሩ ናቸው።

ቱቦዎቹን ከብረቱ ጋር በሚጋጠሙበት ቦታ ጎንበስ አድርገው ይዩ፤ ስንጥቅ ካለ ይቀየሩ፣ አይለጠፉም።

ጤነኛ ሆኖም የማይሆን ሲገኝ

ለዛሬ ጀማሪ አራት ቱቦ ያስፈልጋል፦ ለዋናው መተንፈሻ፣ ለመጠባበቂያው፣ ለአየር መያዣው ጃኬትና የቦምቦላውን ግፊት ለሚያሳየው ማኖሜትር። በጣም የቆዩት የመጀመሪያ ክፍሎች ለዚህ የሚበቃ ቀዳዳ የላቸውም። ማኖሜትር የማይገጠምበትን ሬጉሌተር ባለቤቱ በነፃ ቢሰጥዎት እንኳ ጀማሪ ሆነው አይጥለቁበት። መለዋወጫው የቀረ ሞዴልም ያው ነው።

በከተማችን ጋራዦች እጃቸው የተመሰከረላቸው መካኒኮች አሉ፤ ቢሆንም ይህን ዕቃ ልዩ መሣሪያና የሞዴሉ መመሪያ የሌለው ሰው ሊፈታው አይገባም። የመኪና ግሪስ ጎማውን ያበላሻል። እኔ ሬጉሌተሬን ወደ ውጭ ልኬ ነው ያሳደስኩት፤ ስለዚህ ዋጋ ሲደራደሩ የማሳደሻውንና የመላኪያውን ወጪ ደምረው ያስቡ።

ጥልቀት መለኪያው ሲያሳንስ

አሮጌ ሬጉሌተር ብዙ ጊዜ ባለ ቀስት ጥልቀት መለኪያ ተያይዞበት ይሸጣል። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፤ በባሕር ወለል ልክ የተሠራው የታሸገ መለኪያም ከእውነተኛው ጥልቀት 2 ሜትር ያህል አሳንሶ ያሳያል። ብልሽት ስላይደለ አይጠገንም፤ ከፍታን የሚያሰላ የመጥለቂያ ኮምፒውተር ይያዙ፣ የከፍታ ማስተካከያው መሥራቱንም ውሃ ከመግባትዎ በፊት ያረጋግጡ። በክረምት ደለል የደፈረሰ ውሃ ውስጥ ማኖሜትሩን ለማንበብ ዓይን ድረስ ማስጠጋት ስለሚያስፈልግ፣ የታደሰውን ሬጉሌተር መጀመሪያ ከአሠልጣኝ ጋር፣ መቆም በሚቻልበት ጥርት ያለ ውሃ ይሞክሩት።