ያገለገለ ሞተርሆም ለጡረታ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ጡረታ ከወጣን በኋላ ከባለቤቴ ጋር ያገለገለ ሞተርሆም፣ ማለት ውስጡ እንደ ቤት አልጋና ምድጃ ያለው መኪና፣ ገዝተን ይኸው አራተኛ ዓመታችን ነው። የምንኖረው ቨርጂኒያ ነው፣ አንዷ ልጃችን አትላንታ ሌላው ሚኒያፖሊስ ስለሆኑ የልጅ ልጅ ለማየት በወጣን ቁጥር የሆቴሉ ወጪ ሲከብደን ነው ወደዚህ የገባነው፣ አሁን እንጀራችንን ፍሪዘር ውስጥ ከተን ጀበናችንን ይዘን ነው የምንወጣው። ከዛ ወዲህ ብዙ ወገን እየደወለ «እኛም ልንገዛ ነው፣ ምን ምን እንይ?» ይለኛል፣ ለሁሉም በስልክ ከምናገር አንድ ላይ ልጻፈው ብዬ ነው። የማወራው ክላስ ሲ ስለሚባለው ነው፣ ፊቱ ቫን ሆኖ ከሹፌሩ በላይ አልጋ ያለው፣ አብዛኛው ፎርድ ኢ-350 ወይ ኢ-450 ላይ የተሰራ። ለኛ አቅም የሚቀርበው እሱ ነው፣ መካኒክም አያጣም።

ዋጋው ቀንሷል፣ ማይሌጁ ትንሽ ነው፣ ውስጡ ያብረቀርቃል

ይሄ ችግር አይመስልም አይደል? ግን እኔ መጀመሪያ የምጠራጠረው ይሄንን ነው። ሞተርሆም ከመነዳት ይልቅ መቆም ነው የሚገድለው፦ ጎማው ቆሞ ይሰነጠቃል፣ ቤንዚኑ የጄኔሬተሩ ካርቡሬተር ውስጥ ይረጋል፣ ባትሪው ይሞታል፣ የጣሪያው ማሸጊያ ፀሐይ ላይ ደርቆ ይሰነጠቃል፣ ከዛ ዝናብ ይገባል። ስለዚህ 20 ዓመት ሆኖት 30 ሺህ ማይል ብቻ የሄደ ካያችሁ «ስንት ሄደ?» ሳይሆን «የት ቆሞ ነበር፣ ጣሪያ ስር ነው ወይስ ሜዳ ላይ? መጨረሻ ረጅም መንገድ የሄደው መቼ ነው? ጣሪያው መቼ ታሸገ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ደረሰኝ ካለ ደረሰኙን እዩ። 80 ሺህ ማይል የሄደ ግን ባለቤቱ በየዓመቱ ደረሰኝ ያስቀመጠለት ቢገኝ እኔ እሱን ነው የምመርጠው።

ግድግዳው ያበጠ ይመስላል፣ ወለሉ ጥግ ጥጉን ይለሰልሳል፣ ቤቱ ሻጋታ ሻጋታ ይላል

መንስኤው ውሃ ነው። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይሄንን ያዙልኝ፣ ሞተር ይቀየራል ጎማ ይቀየራል፣ ውሃ የገባበት ቤት ግን ከስር እየበሰበሰ ነው የሚሄደው። የብዙዎቹ የውጪ ግድግዳ ፋይበርግላስ ነው፣ ከኋላው በስሱ ኮምፔርሳቶ ተለጥፎበታል፣ ውሃ ሲገባ ማጣበቂያው ይለቅና ፋይበርግላሱ እንደ አረፋ ይነሳል። እሱን ለማየት ግድግዳው ጫፍ ላይ ቁሙና ወደ ርዝመቱ ተመልከቱ፣ ፀሐይ በጎን ስትመታው እብጠቱ ወዲያው ይታያል። ሰፊ እብጠት ካለ መፍትሄው አንድ ነው፣ አለመግዛት። ጥገናው ብዙ ጊዜ ከመኪናው ዋጋ ይበልጣል።

በኛ የደረሰውን ልንገራችሁ። የገዛነው 2007 ሞዴል 31 ሺህ ማይል የሄደ ነበር፣ ሻጩ ውስጡን አዲስ ቪኒል አንጥፎበት፣ ሽቶ ነፍቶበት፣ መጋረጃ ቀይሮ አሳየን፣ እኛም ወደድነው። ከሦስት ወር በኋላ ባለቤቴ ከኋላ አልጋው ጥግ ላይ ስትቆም እግሯ ወደ ታች ገባ። ቪኒሉን ስንገልጠው ከስሩ ያለው እንጨት በእጅ የሚፈርስ ሆኖ ነበር፣ ያ ሁሉ አዲስ ንጣፍ እሱን ለመሸፈን ነበር የተነጠፈው። 4,200 ዶላር አወጣን። ባለቤቴ ያን ቀን አለቀሰች፣ የሰላሳ ዓመት የማታ ሥራ ገንዘብ ነው እኮ።

ስለዚህ ስትሄዱ 30 ወይ 40 ዶላር የሚሸጠውን የእርጥበት መለኪያ ገዝታችሁ ሂዱ። ከሹፌሩ በላይ ያለውን አልጋ ፍራሹን አንሱና ጥጎቹን ለኩ፣ ክላስ ሲ መጀመሪያ የሚያፈሰው እዛ ነው። ከዛ የመስኮቶች ስር፣ ሻወሩ ዙሪያ፣ ቁምሳጥን ውስጥ፣ ውጪ ያለው የዕቃ ማስቀመጫ ጣሪያ። ወለሉን በተረከዛችሁ እየረገጣችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሂዱ። አዲስ ንጣፍ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ካለ ለምን ብላችሁ ጠይቁ። ጣሪያው ላይ መውጣት ካልቻላችሁ፣ በኛ ዕድሜ መሰላል ቀልድ አይደለም፣ ወጣት ይዛችሁ ሂዱና በስልኩ ቪዲዮ ይቅረጽላችሁ።

ትንሽ የተሰነጠቀ ማሸጊያ ብቻ ከሆነ ግን አትደንግጡ፣ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ለጣሪያ የተሰራ ዳይኮር የሚባል ራሱን የሚያስተካክል ማሸጊያ አለ፣ አጽድታችሁ በማናፈሻዎቹ ዙሪያ ማፍሰስ ነው። ተራ ሲልከን ግን እንዳትቀቡ፣ በኋላ ሌላ ማሸጊያ በላዩ አይዝም። የጎማ ጣሪያ ከሆነ ደሞ ነዳጅ ነክ ማጽጃ ያበላሸዋል፣ ቀላል ሳሙናና ውሃ ይበቃል። እኔ በዓመት ሁለቴ አሳያለሁ።

ጎማው አዲስ ይመስላል፣ ጥርሱ ሙሉ ነው

ጥርሱን እርሱት፣ የተሠራበትን ቀን እዩ። የጎማው ጎን ላይ ዲ-ኦ-ቲ የሚል ጽሑፍ አለ፣ መጨረሻው ላይ አራት ቁጥር አለ፣ 2316 ካለ በ2016 23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ቁጥሩ በውስጥ በኩል ሊሆን ይችላል፣ ጎንበስ ብላችሁ በመብራት ፈልጉት። ስድስት ሰባት ዓመት ካለፈው ጥርሱ ምንም ያህል ቢሆን ቀይሩት፣ ከውስጥ ደርቋል፣ ሀይዌይ ላይ ሲፈነዳ ከስር ያለውን ቧንቧና ሽቦ ሁሉ ይዞ ነው የሚሄድ። ኢ-450 ከኋላ ድርብ ስለሆነ ስድስት ጎማ ነው፣ ከነመግጠሚያው ከአንድ ሺህ ዶላር በላይ ያስወጣል፣ ያንን ከዋጋው ላይ አስቀንሱ።

መንገድ ላይ ትልቅ መኪና ሲያልፋችሁ ወዲያ ወዲህ የሚል ከሆነም ጎማውን ነው መጀመሪያ የምታዩት። የአየር መጠኑ በሹፌሩ በር ላይ በተለጠፈው ልክ ይሁን፣ ከዛ አላይመንት፣ ሾክ አብዞርበር፣ ካልሆነ የኋላ ስዌይ ባር፣ መኪናው ወደ ጎን እንዳያዘም የሚይዘውን ብረት፣ ማጠንከር።

ሞተሩ ጠዋት ሲነሳ ቲክ ቲክ ይላል፣ ሲሞቅ ይጠፋል

ፎርድ ቪ10 ሞተር ላይ ይሄ የታወቀ ነው፣ የኤግዞስት ማኒፎልዱ ብሎን በዝገት ሲሰበር ጭሱ በክፍተቱ ያፈተልካል፣ ብረቱ ሲሞቅ ይለጠጥና ክፍተቱን ይዘጋዋል። ለዚህ ነው ሻጩ «አሙቄ ጠበቅኳችሁ» ካለ ሌላ ቀን ተመለሱ የምለው፣ ስትደርሱ ኮፈኑን በእጃችሁ ንኩት፣ ቀዝቃዛ መሆን አለበት። በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000 አካባቢ የወጡት ቪ10ዎች ደግሞ የካንዴላው ጥርስ ጥቂት ስለሆነ ካንዴላው ተፈናጥሮ የሚወጣበት ጊዜ አለ፣ ድንገት ኃይለኛ የጥይት የሚመስል ድምፅ ትሰማላችሁ። መካኒኩ ሞተሩን ሳይፈታ የብረት ጥርስ ሊያስገባለት ይችላል፣ «ሞተር ቀይሩ» ካላችሁ ሌላ መካኒክ አማክሩ።

ዳሽቦርዱ ላይ ምንም የማስጠንቀቂያ መብራት የለም ማለት ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። ሻጩ ከመምጣታችሁ በፊት አጥፍቶት ሊሆን ይችላል። ርካሽ ኮድ ማንበቢያ ሰክታችሁ «ሬዲ አይደለም» የሚሉ ሞኒተሮች፣ መኪናው ራሱን የሚፈትሽባቸው ማለት ነው፣ ከበዙ የስህተት ኮዱ በቅርቡ ተሰርዟል ወይ ባትሪው ተነቅሏል ማለት ነው፣ ረዘም አድርጋችሁ ነድታችሁ እንደገና እዩ።

የቤቱ መብራት ይደክማል፣ ጄኔሬተሩ አይነሳም

የሞተሩ ባትሪ ሌላ የቤቱ ባትሪ ሌላ ነው፣ ብዙ ሰው ይሄ ይምታታበታል። ቻርጅ ሳይደረግ ትንሽ አርፎ ሲለካ 12.6 ወይ 12.7 ቮልት ሙሉ ነው፣ 12.1 አካባቢ ግማሽ ነው፣ ተራው ባትሪ ከግማሽ በታች በተደጋጋሚ ከወረደ ዕድሜው ያጥራል። ኤሌክትሪክ ስትሰኩት ከ13 በላይ ካላሳየ ባትሪው ሳይሆን ኤሌክትሪኩን ቀይሮ ባትሪውን የሚሞላው ኮንቨርተሩ ነው፣ መጀመሪያ ግን ፊውዙን እዩ።

ጄኔሬተሩ ሲቆም የሚበላሽ ነገር ነው፣ በወር አንዴ ኤሲውን አብርታችሁ ሁለት ሰዓት ያህል አሠሩት። እየሠራ ድንገት ከጠፋ ነዳጁን እዩ፣ ታንኩ ሩብ አካባቢ ሲደርስ እንዲቆም ተደርጎ ነው የተሠራው፣ ጫካ ውስጥ ነዳጅ ጨርሳችሁ እንዳትቀሩ ነው።

የልጆቻችሁ ቤት ግቢ ሰክታችሁ ኤሲ ስታበሩ ብሬከሩ ከወረደ ደግሞ ምንም አልተበላሸም፣ ሞተርሆሙ 30 አምፕ ይፈልጋል የቤቱ ሶኬት 15 ነው። ቀጭን ማራዘሚያ አትጠቀሙ፣ ይግላል።

ፍሪጁ አይቀዘቅዝም

የድሮዎቹ ፍሪጆች በጋዝም በኤሌክትሪክም የሚሠሩ ናቸው፣ ውስጣቸው አሞኒያ ነው የሚዞረው፣ መኪናው ካዘመመ ዝውውሩ ይቆማል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ደልዳላ ቦታ አቁሙት። ለግዢ ስትሄዱ ሻጩ ከአንድ ቀን በፊት እንዲያበራው ጠይቁና በጋዝም በኤሌክትሪክም ፈትኑት፣ ለመቀዝቀዝ ብዙ ሰዓት ይፈጅበታል። ከውጪ ያለውን ክዳን ከፍታችሁ ቢጫ ዱቄት ካያችሁ ወይ የአሞኒያ ሽታ ካለ ማቀዝቀዣው አፍስሷል፣ ወዲያው አጥፉት። እኔ ብሆን ያንን ከማስጠገን በ12 ቮልት የሚሠራ ኮምፕረሰር ያለው ፍሪጅ አስገባለሁ።

ሙቅ ውሃ የለም፤ ፓምፑ ሌሊት ብቻውን ይነሳል፤ ሽንት ቤቱ ይሸታል

ሙቅ ውሃው ብዙ ጊዜ ቀላል ነው፣ ለክረምት ፀረ-በረዶ ሲደረግበት ውሃው ቦይለሩን ዘሎ እንዲያልፍ የሚያደርገው ቫልቭ ሳይመለስ ቀርቶ ነው። ፓምፑ ማንም ሳይከፍት ቲር ካለ የሆነ ቦታ ውሃ ይንጠባጠባል፣ ክረምት ላይ ውሃው ሳይወጣለት ቀርቶ የተሰነጠቀ ቧንቧ ሊሆን ይችላል፣ በባትሪ መብራት ሁሉንም መጋጠሚያ እዩ። ሽታው ደግሞ ከአጠቃቀም ነው፣ የሽንት ቤቱን ታንክ ቫልቭ ከፍቶ የሚተው ሰው አለ፣ ፈሳሹ ይሄድና ደረቁ ይቀራል ይቆለላል። ዝግ ይሁን፣ ውሃ አብዙበት፣ ሁለት ሦስተኛ ሲሞላ ነው የሚደፋ።

ማንቂያው ይጮኻል

በየደቂቃው ጪር የሚል ከሆነ ባትሪው ነው ወይ ዕድሜው አልቋል፣ የጋዝና የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያዎች ከጀርባቸው ቀን ተጽፎባቸዋል፣ ካለፈ ይቀየሩ። ያለማቋረጥ ከጮኸ ግን ምንም ሳታጣሩ መጀመሪያ ሁላችሁም ውጡ። እዚህ ላይ ለኛ ሰው የምለምነው ነገር አለኝ፣ ቡና አፍልታችሁ ዕጣን ለማጨስ ብላችሁ ሞተርሆሙ ውስጥ ከሰል አታቀጣጥሉ፣ መስኮት ቢከፈትም። ሽታ የሌለው ጭስ ነው የሚገድለው፣ ቤቷ ጠባብ ናት። ቡናውን በጋዙ ምድጃ ማናፈሻው እየሠራ አፍሉት፣ ዕጣኑን ውጪ ወንበር ዘርግታችሁ አጭሱት፣ እኛ እንደዛ ነው የምናደርገው።

ወረቀቱ ላይ ዓመቱ አይገጥምም፣ ወይ «ታይትሉ በፖስታ ይመጣል» ይላችኋል

የዓመቱ ልዩነት ብቻውን ማጭበርበር አይደለም፣ ሻሲው በ2006 ተሠርቶ ቤቱ 2007 ሆኖ ሊሸጥ ይችላል። የመኪናው መለያ የሆነው ቪን ቁጥር ግን በመኪናው ላይ ያለውና ታይትሉ፣ የባለቤትነት ወረቀቱ፣ ላይ ያለው አንድ መሆን አለበት። ታይትል ሳይኖር ገንዘብ አትስጡ፣ ባንክ ዕዳ ካለበት ባንኩ ውስጥ ተገናኙና እዛው ይጨረስ። ጎርፍ የመታው ወይ የተሰረቀ እንዳይሆን ቪኑን በናሽናል ኢንሹራንስ ክራይም ቢሮ ገጽ በነፃ ማየት ይቻላል። ቨርጂኒያ ያላችሁ ደሞ በየዓመቱ የካውንቲው የመኪና ታክስ እሱንም እንደሚመለከት አስቡ።

ከኋላ ዝቅ ብሏል

ከብዶታል። ውስጡ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ስንት ፓውንድ ዕቃ እንደሚችል ተጽፏል፣ ከምትጠብቁት በጣም ያነሰ ነው። አንድ ጋሎን ውሃ 8.3 ፓውንድ ነው፣ 40 ጋሎን ሞልታችሁ ስትወጡ 330 ፓውንድ ተሸክማችኋል፣ በዛ ላይ የጤፍ ከረጢቱ፣ ድስቱ፣ ሰዉ። ትራክ የሚነዳ ዘመድ የሌለው ሐበሻ የለም፣ እሱን ጠይቁት፣ ትራክ ስቶፕ ያለው ካት ስኬል የሚባል የጭነት መኪና ሚዛን ላይ በትንሽ ገንዘብ ያስመዝናችኋል።

ሌላ ስቴት ታማችሁ ካርዳችሁን አልቀበልም አሏችሁ

ይሄ የመኪናው ችግር አይደለም፣ ግን ደርሶብናል። ሜዲኬር አድቫንቴጅ፣ ማለት በግል ኢንሹራንስ ኩባንያ በኩል የሚወሰደው የአረጋውያን ጤና መድን፣ ብዙ ጊዜ በአካባቢው ሐኪሞች የታጠረ ነው፣ ድንገተኛ ካልሆነ ሌላ ስቴት ላይሠራ ይችላል፣ ቀጥታ ከመንግሥት የሆነው ኦሪጅናሉ ሜዲኬር ግን የሚቀበል ሐኪም ባለበት ሁሉ ይሠራል። ከመውጣታችሁ በፊት ደውላችሁ ጠይቁ። 62 ከሞላችሁና ዜጋ ወይ ግሪን ካርድ ያላችሁ ከሆነ የናሽናል ፓርኩን የዕድሜ ልክ ሲንየር ፓስ በ80 ዶላር አውጡ፣ ብዙ ካምፕ ላይ ግማሽ ዋጋ ያስከፍላችኋል።

ጂፒኤሱ የማያስገባ መንገድ ውስጥ ከተታችሁ

የስልኩ ካርታ ትንሽ መኪና የምትነዱ ነው የሚመስለው፣ ቁመትም ጋዝም አያውቅም። ከጣሪያው ኤሲ ጫፍ ድረስ አስለክታችሁ ቁመቱን ዳሽቦርዱ ላይ ለጥፉት። ሸናንዶዋ ፓርክ ስካይላይን ድራይቭ ላይ ያለው የሜሪስ ሮክ ዋሻ 12 ጫማ ከ8 ኢንች ነው፣ እኛ 11 ከ2 ስለሆንን እናልፋለን። ወደ ኒውዮርክ ስትወጡ ደግሞ ባልቲሞር ላይ ያሉት ሁለቱ ዋሻዎች ከ10 ፓውንድ በላይ የሆነ የፕሮፔን ጋዝ ጠርሙስ የያዘ አያሳልፉም። ድሮ እዛው ባለው ኪ ብሪጅ በሚባለው ድልድይ ይታለፍ ነበር፣ እሱ በማርች 2024 መርከብ መትቶት ወደቀ፣ ስለዚህ ሀይዌይ 95ን ለቃችሁ ከተማውን በሚዞረው 695 ምዕራቡን ዞራችሁ ነው የምትሄዱት፣ ለዛ ደግሞ ከቤት ቀደም ብላችሁ ውጡ።