ጭራ ብቻ ያለበት ፎቶ፦ ባህር ውስጥ ካሜራ ይዘን ስንገባ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ባለፈው ጥር ጅቡቲ ውስጥ አርታ ዳርቻ አጠገብ ነበርን። ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ ይሆናል። ጀልባ ነጂያችን፣ ባህሩን ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቅ የአፋር ሰው፣ እጁን ወደ ግራ ዘረጋና ዝም አለ። ከውሃው ሥር ነጠብጣብ ያለበት የዌል ሻርክ ሰፊ ጀርባ ይታያል። ከአዲስ አበባ ከመጡት ዘጠኝ እንግዶች ስምንቱ "ቀስ በሉ" እስክል አልጠበቁም። ተከታትለው ዘለሉ። ውሃው በአረፋ ነጭ ሆነ፣ ዓሣውም ጀርባውን ወደ እነሱ አዘንብሎ ወደ ታች ወረደ። ማታ ሆቴል ተሰብስበን ፎቶዎቹን ስናይ ስምንቱም ያነሱት አንድ ነገር ነው፦ ጭራ።

ጅቡቲ መኖር ከጀመርኩ 9 ዓመት ሆነኝ። ከኅዳር እስከ ጥር ከታጁራ ባህረ ሰላጤ አልጠፋም፣ ዌል ሻርኮቹ የሚመጡት ያኔ ነው። በቀረው ጊዜ ሙሻና መስካሊ ደሴቶች አካባቢ እጠልቃለሁ። ባህር አይቶ የማያውቅ ሰው ጭንብሉን አጥልቆ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን ውሃ ውስጥ ሲነክር፣ በስኖርክሉ መተንፈሻ ቱቦ ውስጥ የሚያወጣት "ውይ!" አለች። እሷን ድምፅ ዛሬም በሰማሁ ቁጥር ደስ ይለኛል። ያ ሰው ያየውን የሚመስል ፎቶ ይዞ ቤቱ እንዲገባ እፈልጋለሁ፣ ለዚህ ነው የምጽፈው።

ከኋላ ማሳደድ

ከሁሉ የሚያበሳጨኝ ይሄ ነው፣ ስለዚህ በሰፊው ልናገር።

ዌል ሻርክ የዓለም ትልቁ ዓሣ ነው። ሲያድግ ከ12 ሜትር ሊያልፍ ይችላል። እኛ ጋ የሚመጡት ግን ብዙዎቹ ወጣቶች ናቸው፣ ከ3 እስከ 5 ሜትር ቢሆኑ ነው። ሰው አይነካም። ምግቡ ፕላንክተን ነው፣ በዓይን ለማየት የሚያስቸግሩ ደቃቅ ፍጥረታት። ሲሄድ ስታዩት የተዝናና ይመስላል። ጭራውን አንዴ ሲያወዛውዝ ግን እናንተ ደጋግማችሁ መቅዘፍ አለባችሁ፣ እና አትደርሱበትም። ብትደርሱም ትንፋሽ አጥሯችሁ፣ እጃችሁ እየተንቀጠቀጠ ነው። በዚያ እጅ የተነሳ ፎቶ ምን ሊሆን ነው? ዓሣው ደግሞ መረበሹን ያሳያል። ጀርባውን ወደ እናንተ ያዞራል፣ ከዚያ ይጠልቃል። እናንተ ባደረጋችሁት ምክንያት ከኋላ በሌላ ጀልባ ያሉት ሰዎችም አያዩትም።

ትክክለኛው እንዲህ ነው። ጀልባ ነጂው ዓሣው የሚሄድበትን አቅጣጫ አይቶ ከፊቱ ርቆ ያወርዳችኋል። አትዝለሉ፣ ከጀልባው ጠርዝ ተንሸራታችሁ ግቡ። ከመንገዱ ወደ ጎን ወጣ በሉና ተንሳፈፉ። እሱ ራሱ ይመጣል። ምግቡ በበዛበት ቦታ አንዳንዴ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ አፉን ከፍቶ ውሃውን ይምጋል። ያኔ ሳትቸኩሉ ማንሳት ትችላላችሁ። ከሰውነቱ 3 ሜትር፣ ከጭራው 4 ሜትር ራቁ። አትንኩት፣ ፍላሽ አታብሩበት።

ጎኑን አንሱ የምለው ለውበት ብቻ አይደለም። በግራ ጎኑ፣ ከመተንፈሻ ስንጥቆቹ ኋላ ያለው ነጠብጣብ እንደ ሰው የጣት አሻራ ነው፣ የአንዱ ከሌላው አይገጥምም። ተመራማሪዎች ነጠብጣቡን የሚያመሳስሉበት የኮምፒውተር ስሌት መጀመሪያ የተሠራው የከዋክብት ፎቶዎችን ለማመሳሰል ነበር። ከቱሪስት የተላከ ፎቶም ይቀበላሉ። በዚህ መንገድ አንድ ዓሣ ዓምና እዚህ ታይቶ ዘንድሮ መመለሱ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የመጥፋት አደጋ ካንዣበበባቸው ዝርያዎች ጋር ተመድቧልና የእያንዳንዱ መመለስ ትልቅ ወሬ ነው። የጭራ ፎቶ ለዚህ ሥራ አይጠቅምም።

ዘጠነኛዋ እንግዳ በዕድሜ ጠና ያሉ ሴት ነበሩ። መዋኘት እምብዛም ስለማይችሉ የመንሳፈፊያ ቀለበት ይዘው ከጀልባው አጠገብ ቀሩ። "እትዬ፣ ዝም ብለው ወደ ታች ይመልከቱ፣ እኔ አለሁ" አልኳቸው። ሌሎቹ የመጀመሪያውን እያሳደዱ ርቀው ሄደው ነበር። ሁለተኛው ዌል ሻርክ መጥቶ ከእግራቸው ሥር በዝግታ አለፈ። በትንሿ ካሜራቸው ያነሱት ፎቶ ላይ ዓይኑ ሳይቀር ይታያል፣ ነጠብጣቡም አንድ በአንድ ይቆጠራል። የማታው ስብሰባ ላይ ሁሉም የሳቸውን ፎቶ ላኩልን ሲሉ ነበር።

ርቆ ማንሳት

መሬት ላይ ዙም ያድናል፣ ውሃ ውስጥ አያድንም። በእናንተና በዓሣው መካከል ያለው ውሃ ሁሉ ብርሃን ይበላል፣ ጥራት ይሰርቃል፣ ሁሉን ነገር ሰማያዊ ያደርጋል። በዚያ ላይ በጭንብል ስናይ ነገሮች ካሉበት ርቀት በሩብ ያህል ቀርበው ይታዩናል። "ደረስኩበት" ስትሉ ገና ናችሁ። የኮራል ዓሣ ከሆነ እጃችሁን ብትዘረጉ ከምትደርሱበት ርቀት ውጭ ያለውን ባታነሱት ይሻላል። ለትልልቆቹ እንስሳት ደግሞ ሰፊ አንግል ያለው ሌንስ ያዙና እነሱ እስኪቀርቡ ጠብቁ። ሌላው፣ ከላይ ወደ ታች አታንሱ። ዓሣው ከኮራሉ ጋር ይመሳሰልና ይጠፋል። ከሥሩ ዝቅ ብላችሁ ወደ ላይ ስታነሱት ሰማያዊው ውሃ ከኋላው ይሆናል፣ ቅርጹም ይወጣል።

ቀለሙ የት ሄደ?

አንድ ጊዜ 18 ሜትር ላይ ጣቴን ሹል ነገር ቆረጠኝ። የወጣው ደም አረንጓዴ ነበር። ያኔ ስለ ብርሃን ያነበብኩት ሁሉ ገባኝ። ውሃ መጀመሪያ የሚውጠው ቀዩን ብርሃን ነው። 5 ሜትር ላይ ቀዩ በጣም ይደክማል፣ 10 ሜትር ላይ አለ ለማለት ያስቸግራል። ከዚያ ብርቱካናማው፣ ቀጥሎ ቢጫው ይሄዳል። ዓይናችን እየለመደ ያታልለናል እንጂ ካሜራው ያለውን ነው የሚያሳየው። ስለዚህ ላይ ላይ ከሆናችሁ ፀሐይን ከኋላችሁ አድርጉና ዋይት ባላንሱን፣ ማለትም የካሜራውን የቀለም ሚዛን፣ እዚያው ውሃ ውስጥ አስተካክሉ፣ በኋላ ቀለሙን ማረም በሚያስችለው በሮው ፋይልም አንሱ። ጠለቅ ካላችሁ ብርሃን ይዛችሁ መውረድ አለባችሁ። እ.ኤ.አ. በ1926 ተመራማሪው ዊልያም ሎንግሊና ፎቶ አንሺው ቻርልስ ማርቲን ፍሎሪዳ ባህር ውስጥ የመጀመሪያውን ባለቀለም የዓሣ ፎቶ ያነሱት ከውሃው በላይ ማግኒዥየም እያቃጠሉ ነበር። እኛ ዛሬ በኪስ የሚያዝ መብራት አለን።

መብራት ያለው ሰው ደግሞ የራሱ ስህተት አለው። ፍላሹን ሌንሱ አጠገብ ያደርገዋል። ጣርማ በር ላይ ጉም ውስጥ የመኪና ረጅም መብራት ያበራ ሰው ምን እንደሚሆን ያውቃል፣ ብርሃኑ ተመልሶ ዓይን ውስጥ ነው የሚገባው። እዚህም ያው ነው። ዌል ሻርኮቹ የሚመጡት ውሃው በፕላንክተን ስለተሞላ ነው፣ በዚያ ወቅት ሙሻ አካባቢ ስንጠልቅም ውሃው ደፍረስ ሊል ይችላል። ፍላሹ እያንዳንዷን ደቃቅ ነገር ያበራታል፣ ፎቶው ዱቄት የተነፋበት ይመስላል። የፍላሹን ክንድ ወደ ግራና ቀኝ ራቅ አድርጉ፣ መብራቱን ወደ ውጭ ትንሽ አዙሩ፣ ዓሣውን የብርሃኑ ጠርዝ ብቻ ይንካው።

ላስቲኩን መናቅ

የመጀመሪያ ካሜራዬን ያጣሁት በአንድ የፀጉር ዘለላ ነው። ካሜራውን ከውሃ የሚጠብቀው ሳጥን፣ ሃውዚንግ የምንለው፣ የሚዘጋው በቀጭን የላስቲክ ቀለበት ነው። ኦሪንግ ይባላል። ፀጉር፣ አሸዋ፣ የፎጣ ክር፣ ምንም ይሁን ምን እዚያ ላይ ካረፈ ውሃ ይገባል። የጨው ውሃ ከገባ ደግሞ ካሜራው አለቀለት። እኔ ጀልባ ላይ፣ በነፋስ፣ በጥድፊያ ነበር የከፈትኩት። የዘጠኝ ወር ቁጠባዬ ነበር፣ ለሁለት ሳምንት ፎቶ ማየት ጠላሁ።

ሳጥኑን ከማታው ክፍላችሁ ውስጥ፣ ኤር ኮንዲሽነር በርቶ ዝጉት። የጅቡቲ አየር እርጥበት ስላለው ውጭ ከዘጋችሁት ቀዝቀዝ ያለው ውሃ ውስጥ ስትገቡ ሌንሱ ከውስጥ ጉም ይለብሳል። አዲስ ጫማ ሳጥን ውስጥ የምትገኘውን እርጥበት የምትመጥ ትንሽ ከረጢት አትጣሉ፣ ከካሜራው ጋር አስገቧት። ላስቲኩን በጣት ዳሱት፣ ጣት ዓይን ያላየውን ያገኛል። ላስቲኩን የምትቀቡት ቅባት ለማብረቅ ያህል ብቻ ይሁን፣ ሲበዛ አሸዋ ይይዛል። ባህር ከመግባታችሁ በፊት ባልዲ ውሃ ውስጥ ንከሩትና አረፋ ይወጣ እንደሆነ እዩ። ስትመለሱ ግማሽ ሰዓት ንጹህ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉት፣ ቁልፎቹንም እዚያው ተጫኗቸው።

ስልክ በላስቲክ ከረጢት

ውሃ አያስገባም ተብሎ የተሸጠላችሁ ስልክ የተፈተነው በንጹህ ውሃ ነው፣ በባህር ውሃ አይደለም። ከረጢት ውስጥ ካስገባችሁት ደግሞ ስክሪኑ ውሃ ውስጥ ጣታችሁን አይሰማም፣ በድምፅ መጨመሪያው ቁልፍ አንሱ።

ኮራል ላይ መደገፍ

ይሄን ራሴ አድርጌዋለሁ። ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ባለሁለት ነጭ ቀበቶ የቀይ ባህር ክላውን ዓሣ ላነሳ ቀረብኩ፣ ተንሳፍፌ መቆም ስላቃተኝ ጉልበቴን አሳረፍኩ። ቀጭ ሲል ሰማሁት። ቅርንጫፍ ያለው ኮራል ነበር፣ የክንዴን ያህል ተገንጥሎ ወደቀ። እንዲህ ያለው ኮራል በጣም ፈጠነ ቢባል በዓመት ከ10 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ያድጋል። ድንጋይ የሚመስለው ክብ ኮራል ደግሞ ብዙ ጊዜ በዓመት 1 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ፎቶው ጥሩ ነበር። ለማንም አላሳየሁትም።

ኮራል ሕይወት ያለው እንስሳ ነው። ስትነኩት ትጎዱታላችሁ፣ ሊጎዳችሁም ይችላል። እሳት ኮራል ያቃጥላል፣ ድንጋይ መስሎ የተቀመጠው ስቶንፊሽ ደግሞ ጀርባው ላይ ያለው እሾህ ከባድ መርዝ አለው። ስለዚህ የመጀመሪያ የመጥለቅ ኮርሳችሁን በጨረሳችሁ ማግስት ካሜራ አትያዙ። እጅ ሳታወዛውዙ አንድ ቦታ ላይ መንሳፈፍ እስክትችሉ ድረስ ባዶ እጃችሁን ጥለቁ። ካሜራ ትኩረት ይወስዳል፣ የአየር መለኪያውን ማየት ያስረሳል።

እንስሳውን ለፎቶ ማስተካከል

አታድርጉት። ኦክቶፐስን ከጎሬው አታውጡ፣ ዓሣ አትመግቡ። ኤሊ ከታች ስታዩ ከላይዋ አትሁኑ፣ ለመተንፈስ ወደ ላይ መውጣት አለባት። በየዓመቱ ሰኔ 1 የዓለም የውቅያኖሶች ቀን ሲከበር፣ እንደ ኳስ የተነፋ ዓሣ በእጃቸው ይዘው የሚስቁ ሰዎችን ፎቶ አያለሁ። ያ ዓሣ የተነፋው ሊበሉኝ ነው ብሎ ፈርቶ ነው።

"ባቡር ነው፣ አውሮፕላን አይደለም"

ይሄ ስለ ፎቶ አይደለም፣ ግን ከሁሉ የሚያስፈራኝ እሱ ነው። ጠልቆ ወዲያው አውሮፕላን መሳፈር እንደማይቻል ሁሉም ሰምቷል። ከአገር ቤት የመጣ ሰው ግን ከሰዓት በኋላ ጠልቆ በማግስቱ ጠዋት ከናጋድ ባቡር ይሳፈራል፣ ወይም በመኪና ይነሳል። አዲስ አበባ እኮ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት! በአውሮፕላን ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ራሱ ቢበዛ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እንዳለው ሆኖ የተስተካከለ ነው። አዲስ አበባ መግባት ማለት አውሮፕላን ውስጥ ገብቶ አለመውረድ ነው። ድሬዳዋ እንኳ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ጥንቃቄው ደግሞ ከ600 ሜትር ይጀምራል።

የአየር ታንክ ይዘን ስንጠልቅ የምንተነፍሰው አየር በግፊት ስለሚገባ ናይትሮጂኑ ደማችንና ሥጋችን ውስጥ ይሟሟል። የሚለቀን ቀስ ብሎ ነው። ሳይለቀን ከፍታ ከወጣን የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ሲከፈት እንደሚሆነው አረፋ ይሠራል። መገጣጠሚያ ያማል፣ እጅና እግር ይደነዝዛል፣ ድካም ይጥላል፣ ሲብስ ሽባ ሊያደርግ ይችላል። አንድ ወጣት እንግዳዬ አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ደወለልኝ፣ "ካሜራ ስሸከም ነው መሰለኝ ትከሻዬን አመመኝ" አለኝ። "ወንድሜ፣ አሁኑኑ ሐኪም ቤት ሂድ፣ ጠልቄ ነበር በላቸው፣ ኦክስጅን ይስጡህ" አልኩት። ተርፏል። ያን ሌሊት ግን አልተኛሁም።

ለብዙ ቀን ከጠለቃችሁ ቢያንስ 18 ሰዓት ጠብቁ። እኔ እንግዶቼን ሙሉ 24 ሰዓት አስቆያቸዋለሁ። ስትመጡ ፕሮግራሙን እንዲህ አውጡት፦ ሙሻና መስካሊን በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ ዌል ሻርኩን ለመጨረሻ ቀን። እሱ ታንክ አይፈልግም፣ ውሃው ላይ ተንሳፍፎ ነው የሚታየው።